አልተኛም ያለው የብርጭቆ ማስቀመጫ

ምልክቱ መጀመሪያ በታየበት ቀን ቤታችን ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። እናቴ ፋጡማ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ታላቅ እህቴ ዘይነብ፣ ከዓረብ አገር ከተመለሰች ሦስተኛ ዓመቷን የያዘችው፣ እኔ ሠርቼ የጨረስኳቸውን ማስቀመጫዎች በስድስት በስድስት እየቆጠረች በክር ታስር ነበር። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ወንፊት ልትዋስ መጥታ ወሬው ይዟት ቆማ ቀርታለች። አራተኛው እኔ ሰይድ ነኝ። ሐይቅ ከተማ ባለው ቤታችን፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ በኪሮሽ የብርጭቆ ማስቀመጫ እሠራ ነበር።

ስለ ሥራው ጥቂት ልበል፤ ሕመሜን ከሐኪም በፊት ያሳየው እሱ ነውና። ዘይነብ በለውጡ ዓመት ስትመለስ ሁለት የኪሮሽ መርፌና ጥቂት ድውር ክር በሻንጣዋ ይዛ መጣች። ያመጣችው ለራሷ ነበር። እኔ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ሥራ ፈትቼ ስለነበር አንሥቼ ሞከርኩት። ያስተማረኝ ሰው የለም። ስልክ ላይ ያለ ቪዲዮ እያስቆምኩና እየመለስኩ ተማርኩ። ክቡ በአሥራ ሁለት ቀለበት ይጀምራል። በየዙሩ አሥራ ሁለት ይጨመርበታል፤ ሃያ አራት፣ ሠላሳ ስድስት፣ አርባ ስምንት፣ ስድሳ። ስድስተኛው ዙር ሰባ ሁለት ላይ ያልቃል። ቁጥሩ ከሞላ ክቡ ጠረጴዛ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል። ከጎደለ ጠርዙ ይነሣና ጎድጓዳ ይሆናል። ከበዛ ይጨማደዳል።

በዚያ ቀን ስድስተኛውን ዙር ጨርሼ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። ጠርዙ ተነሣ። በመዳፌ ተጫንኩት። ስለቀው ተነሣ።

«ምነው ሰይዴ፣ ለብርጭቆው ዛሬ ደግሞ ቆብ ሰፋህለት?» አለች እትዬ በላይነሽ። «እስከ ትናንት ጫማ ነበር እኮ።»

«ተይው እባክሽ፣» አለች ዘይነብ። «የሰው ወንድም ጫት ቤት ሲውል የእኔው ክር ቤት ዋለ። ምን ይወጣለታል?»

ቆጠርኩት። ስድሳ ስድስት ነው። ሥራውን ከቻልኩት ወዲህ ስድስት አጉድዬ አላውቅም። ፈትቼ እንደገና ሠራሁት። ስድሳ ዘጠኝ ሆነ። ቆጠራውን አልረሳሁትም፤ ያታለለኝ ዓይኔ ነው። የቀለበቶቹ ጠርዝ ደብዝዞ ሁለቱ እንደ አንድ ይታዩኝ ነበር። በሁለቱ ሙከራ መሐል አንድ ጆግ ውኃ ጨርሼ ሦስት ጊዜ ሽንቴን ልሸና ወጥቻለሁ። ይህን አሁን ነው የማገናኘው። ያን ቀን መስኮቱን ሰበብ አደረግሁ፤ ብርሃኑ አንሷል አልኩ።

በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ቀበቶዬን ሦስት ቀዳዳ አጠበቅሁ። እናቴ ያደገችው አምባሰል ገጠር ነው። በእነሱ ዘንድ ሰው ሲከሳ ማር ይሰጠዋል። አጎቴ ከውጫሌ ገበያ ማር ላከልን፤ እሷም ብርዝ በጠበጠች። ብርዝ በእኛ ቤት የክብር መጠጥ ነው። ለእንግዳ፣ ለሙሽራና ለደከመ ሰው ይቀርባል።

«አብሽር የኔ ልጅ፣ ይህ ሥጋህን ይመልስልሃል፣» እያለች ጠዋትና ማታ ትሰጠኝ ነበር።

ስለሚጠማኝ እስከ አተላው እጠጣዋለሁ። ጠጥቼ ሳልጨርስ ደግሞ ይጠማኛል። ሲጠማኝ ትደግምልኛለች።

በአሥራ አምስተኛው ቀን አስመለሰኝ። ሆዴን ቆረጠኝ። ተኝቼ ሳለ ሮጦ እንደመጣ ሰው እተነፍስ ጀመር። ዘይነብ ጎንበስ ብላ አሸተተችኝና «አፉ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል» አለች። ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ሲስተር ትዕግሥት የምትባል ነርስ ጣቴን ወግታ ደሜን ለካች። መሣሪያው ቁጥር አልሰጠም። «ሃይ» ብሎ ጻፈ። ከሚለካው በላይ ነው ማለት ነው። ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ደሴ ላኩኝ።

ደሴ ስድስት ቀን ተኛሁ። ሕመሙ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ነው። የደረሰብኝ አደጋ ዲኬኤ ይባላል። ሰውነት ኢንሱሊን ሲያጣ ስኳሩን መጠቀም ስለማይችል ስቡን ያቃጥላል፤ ከዚያ የሚወጣው ኪቶን የተባለ ነገር ደሙን አሲዳማ ያደርገዋል። ሐኪሙ ወጣት ነበር። በተሻለኝ በሦስተኛው ቀን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ምን ስበላና ስጠጣ እንደሰነበትኩ ጠየቀ። እናቴ ስለ ብርዙ ነገረችው።

«ማር?» አለ።

«ማር፣» አለች። «ንጹሕ የአምባሰል ማር። እኔው ነኝ የበጠበጥሁት።»

«እማማ፣ እርስዎ አላሳመሙትም። ሕመሙ ቀድሞ ነበረበት። ማሩ አባባሰው እንጂ አላመጣውም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ስማኝ። እህል ሳትበላ አንድ ቀን ትውላለህ። ያለዚህ መርፌ ግን አትውልም። ሙቀት አይወድም። በረዶም አይወድም። አጥብቀህ አትናጠው። በሁለት መዳፍህ አንከባለው፤ ወተት ሲመስል ውሰድ። ካልመሰለ ጣለው።»

ይህን ሁሉ ሲናገር እናቴ አትሰማም ነበር። «አላሳመሙትም» የሚለው ላይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ግድግዳው ዞራለች።

ጠዋት አሥራ ስምንት፣ ማታ አሥር ዩኒት ኤንፒኤች የተባለ፣ ቀስ ብሎ የሚሠራ ኢንሱሊን ታዘዘልኝ። ብልቃጦቹን እትዬ በላይነሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥን። በቤቴ የስኳር መለኪያ አልነበረኝም፤ በየወሩ ጤና ጣቢያ ነበር የምለካው። በመሐል ያለውን ጊዜ የምለካው በኪሮሹ ነው። ስድስተኛው ዙር ሰባ ሁለት ሞልቶ ክቡ ከተኛ፣ ዓይኔ ደህና ነው፣ ስኳሬም ብዙ አልወጣም እላለሁ። ይህ የሐኪም ምክር አይደለም፤ የራሴ ብልሃት ነው። ግን ዋሽቶኝ አያውቅም።

በዚህ ሁኔታ ዓመት ሳይሞላኝ ጦርነቱ ወደ እኛ መጣ።

መጀመሪያ መንገዱ ተዘጋ። ከዚያ ስልክ ጠፋ። ከዚያ መብራት ጠፋ። አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ቀትር የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሰማን፤ ከቀትር በኋላ ከተማዋ በሌሎች እጅ ነበረች። ብዙ ወንዶች ወደ ገጠር ወጥተዋል። እኔ መርፌዬን ይዤ የት ልሂድ? ቀረሁ። ፍሪጁ ስለሞተ ኢንሱሊኑን ወደ ቤት መለስኩት። ለአሥር ቀን የሚሆን የተጀመረ ብልቃጥ ነበረኝ። ያልተከፈተ ደግሞ አንድ። እሱ ብቻውን ሠላሳ አምስት ቀን ያደርሰኛል። የተጀመረውን ከእንስራው ሥር፣ እርጥቡ መሬት ላይ አኖርኩት።

በሦስተኛው ቀን ታጣቂዎች ቤት ለቤት ይፈትሻሉ የሚል ወሬ መጣ። እናቴ ያልተከፈተውን ብልቃጥ ከእጄ ወሰደችው።

«እኔ ደህና ቦታ አደርገዋለሁ።»

የት እንደሆነ አልጠየቅሁም። እኔ ብዙ የምጠይቅ ሰው አይደለሁም። በሥራዬ አንድ ቀለበት ብትጎድል እተኛለሁ ብል እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ሕይወቴ ያለበትን ብልቃጥ ግን የት እንዳስቀመጠችው ሳልጠይቅ ዋልኩ፣ አደርኩ።

ክር የሚመጣበት መንገድ ስለሌለ ያሉትን ማስቀመጫዎች እየፈታሁ እንደገና እሠራ ነበር። ገዢ የለም። እጄ እንዳይፈታና ዓይኔን እንድለካ ነው። አሥሩም ቀን ክቡ ተኛልኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን እናቴ አዲሱን ብልቃጥ አመጣች። በመዳፎቼ መሐል አንከባለልኩት። ሃያ ጊዜ። በብርሃን አየሁት። ወተት አልሆነም። የብልቃጡ ግድግዳ ላይ ነጫጭ ፍርፋሪ ተጣብቋል። ሃያ ጊዜ ደገምኩ። ፍርፋሪው አለ።

«የት ነበር ያስቀመጥሽው፣ እማ?»

«ቆጥ ላይ ነዋ።»

ከቤታችን ጀርባ ያለው ማድቤት ከምድጃው በላይ የእንጨት ቆጥ አለው። እናቴ ባደገችበት አገር ለዘር የሚቀመጥ በቆሎና ማሽላ እዚያ ይሰቀላል፤ ጢሱ ነቀዝ አያስደርስበትም። ከቤቱ ሁሉ የከበረው ነገር የሚቀመጠው ቆጥ ላይ ነው። ኢንሱሊኔን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ከዘሩ ጋር አኑራዋለች። ከሥሩ በቀን ሁለት ጊዜ እሳት ይነድ ነበር።

«ምነው? ተበላሸ እንዴ?» አለች።

ፊቷን አየሁ። ደሴ ሆስፒታል ወደ ግድግዳው የዞረችበትን ፊት አየሁ።

«ደህና ነው፣» አልኩ። ተወጋሁት።

የሠራሁት ስሕተት ይህ ነው። የእናቴ ባለማወቅ ነው። የእኔ ግን እያወቅሁ ነው።

በሁለተኛው ቀን ጠማኝ። በሦስተኛው ቀን ስድስተኛው ዙር ጠርዙን አነሣ። ቆጠርኩ። ስድሳ ሰባት። ሰው ሳያየኝ ፈታሁትና ክሩን ትራሴ ሥር ከተትኩት። በአራተኛው ቀን የኪሮሹን መርፌ መያዝ አቃተኝ። በአምስተኛው ቀን አስመለሰኝ።

ዘይነብ ትራሴን ልታስተካክል አንሥታ የተፈታውን ክር አገኘች። ክር ሲሠራ ከቆየ በኋላ ሲፈታ ይጠቀለላል፤ የተሠራ እንደነበር ይታወቃል። ክሩን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ስንት ጎደለ?» አለችኝ በቀስታ።

«አምስት።»

«መቼ?»

«ከትናንት ወዲያ።»

«ያ አላህ! አንተ ልጅ፣ አፍ የለህም?»

ክሩን ጥላ ሮጠች። እኔ ራሴ የማስታውሰው እስከዚህ ብቻ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አላየሁም። የነገሩኝን እጽፋለሁ።

ዘይነብ ሲስተር ትዕግሥትን ከቤቷ አመጣቻት። ጤና ጣቢያው ባዶ ነበር፤ ሲስተር ትዕግሥት ግን ከተማዋን አልለቀቀችም። ጣቴን ወጋች። «ሃይ» አለ። ብልቃጡን አንሥታ በብርሃን አየችው።

«ይህን ነው እንዴ የሚወጋው? ይህ ሞቷል።»

እናቴ «ምን ማለትሽ ነው?» አለች። ሲስተር ትዕግሥት ነገረቻት። እናቴ አላለቀሰችም ይላሉ። «እና አሁን ምን እናድርግ?» ብቻ ብላለች።

«በደም ሥሩ ፈሳሽ፣ ከዚያ የሚሠራ ኢንሱሊን። ፈሳሹ እኔ ቤት አለ። አራት ከረጢት ኖርማል ሳላይን አልጋዬ ሥር ደብቄያለሁ። ይዤው ብወጣ ኬላ ላይ ይወስዱብኛል። በሽተኛ ይዘን ብናልፍ ግን ማን ምን ይለናል? ልጁን ወደ ፈሳሹ እንውሰደው።»

የእናቴን የሽቦ አልጋ እንደ ቃሬዛ አወጡት። አልጋ አራት እግር አለው፤ ተሸካሚም አራት ይፈልጋል። በሰፈሩ የቀረ ጎልማሳ ወንድ አልነበረም። ዘይነብ ራስጌውን በቀኝ፣ ሲስተር ትዕግሥት ራስጌውን በግራ፣ እትዬ በላይነሽ ግርጌውን በቀኝ ያዙ። ግርጌው በግራ የእናቴ ነበር።

«ፋጤ፣ አንቺ ወገብሽ አይችልም፣» አለች እትዬ በላይነሽ።

«የወለድኩት እኔ ነኝ፣» አለች እናቴ። ተሸከመች። ሃያ ርምጃ ሳይሄዱ ወገቧን ይዛ ጎነበሰች። አልጋው ዘነበለ።

ያኔ አንድ ሰው መጣ። ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። ከየትኛው መንገድ እንደወጣ ራስጌውን የያዙት ሁለቱ አላዩም፤ እትዬ በላይነሽ ከኋላችን ነው ትላለች። እናቴን በቀስታ ወደ ጎን አደረጋትና ያን ማዕዘን ያዘ። ኬላው ጋ ሲደርሱ የቆመው ታጣቂ አየው፤ እሱም አየው። አለፉ። የሲስተር ትዕግሥት በር ላይ አልጋውን አስቀመጠ። ሄደ። አንዲት ቃል አልተናገረም።

ፈሳሹ ገባ። ኢንሱሊን የለም።

ሲስተር ትዕግሥት ክትትል ያላቸውን የስኳር በሽተኞች በስም ታስታውሳለች። አብዛኞቹ ከተማዋን ለቀው ነበር። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ በሚወስደው መንገድ፣ ከገዳሙ በመለስ የሚኖሩ አንድ የዜማ መምህር፣ የኔታ፣ ግን የትም አልሄዱም አለች። ተማሪዎቻቸው ተበትነው ብቻቸውን ነበሩ። ዘይነብ በእግሯ ሄደች። ኬላ እንዳያገኛት በሐይቁ ዳር በቄጤማው በኩል ዞረች።

«የኔታ፣ የፋጡማ ልጅ ነኝ። ወንድሜ ስኳር አለበት። መርፌው ተበላሸበት።»

«እንዴት ተበላሸ?»

«እናቴ ቆጥ ላይ አኖረችው።»

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናቴም ብትኖር እዚያ ነበር የምታኖረው።» ከደጃቸው ወዳለው የተሰበረ ገንቦ ሄደው እርጥብ አሸዋ በጣታቸው ቆፈሩ። ሁለት ብልቃጥ ነበራቸው። አንዱን ሰጧት።

«የኔታ፣ እርስዎስ?»

«እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ የእኔ ስኳር ቀስ ብሎ ነው የሚሄድ። ደግሞ የነቢያት ጾም ገብቷል፤ እሱም ከእኔ ጋር ይጹም እንጂ! ሂጂ ልጄ፣ ቆመሽ አታውሪኝ። በጡትሽ ሥር አታድርጊው፣ ይሞቃል። በእርጥብ ጨርቅ ያዥው።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰች። ብልቃጡ ኤንፒኤች ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ሰዓት የሚያስፈልገው ግን ፈጣኑ ዓይነት ነው። ሲስተር ትዕግሥት ባለው ሠራች። ጥቂት ጥቂት እየወጋች፣ እየለካች፣ ፈሳሹን እየቀየረች። ሌላ ምርጫ ስላልነበረ ነው። ማንም በቤቱ እንዳይሞክረው እለምናለሁ።

በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ዓይኔን ከፈትኩ። እናቴ እግሬን ይዛ ተቀምጣለች።

«እያወቅህ ነው የተወጋኸው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ለእኔ ብለህ?»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ሰይዴ፣» አለች፣ «ማሩን ያጠጣሁህ ባለማወቄ ነው። ቆጡም ባለማወቄ ነው። ብትነግረኝ ኖሮ እነዚህ ሁለቱ ይበቁኝ ነበር። ሞተህ ቢሆን ግን ሦስተኛው ምን ይባላል?»

ያን ቀን ሐኪሙ የነገረኝን ሁሉ፣ አንድም ሳላስቀር፣ ነገርኳት። ሙቀት ለምን እንደሚገድለው፣ ወተት ካልመሰለ ለምን እንደሚጣል፣ ሲጠማኝ ምን ማለት እንደሆነ። እሷም ፊደል ባትቆጥርም ደግማ ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ ዛሬ ብልቃጡን በብርሃን አይታ ደህናውን ከተበላሸው ትለያለች።

ማገገሙ ቀስ ያለ ነበር፤ ከሲስተር ትዕግሥት ቤት ወደ ቤታችን ስመለስ በዘይነብ ትከሻ ተደግፌ ነው፣ ለሳምንት ያህልም ጣቶቼ የኪሮሹን መርፌ እንደ ባዕድ ነገር ይይዙት ነበር፣ ዓይኔም ስኳሩ ሲወርድ ደግሞ በሌላ በኩል ስለደበዘዘ አሥራ ሁለት ቀለበት ሠርቼ ስፈታ፣ ሠርቼ ስፈታ ሰነበትኩ። እትዬ በላይነሽ በየጠዋቱ በሩ ላይ ቆማ «ዛሬስ ቆብ ነው ጫማ?» ትለኛለች፤ እኔም ቀን በቀን አንድ ዙር እየጨመርኩ፣ ሃያ አራቱን፣ ሠላሳ ስድስቱን፣ እንዲህ እያልኩ ወደ ሰባ ሁለቱ ደረስኩና ክቡን ወለሉ ላይ ሳስቀምጠው ዝም ብሎ ሲተኛ እናቴ ከሁላችን ቀድማ «አልሐምዱሊላህ» አለች። የኔታ የሰጡን ብልቃጥ መንገዱ ተከፍቶ ከደሴ መድኃኒት እስኪመጣ አደረሰን፤ እሳቸውም ያን ጊዜ በሰላም ወጡት። ስድስት የብርጭቆ ማስቀመጫ ሠርቼ ወሰድኩላቸው፤ አገላብጠው አይተው «እኔ የምጠጣው በጣሳ ነው፤ ዛሬ ጣሳዬ ማዕረግ አገኘ» አሉኝ።

ይህን የምጽፈው በቤታቸው ኢንሱሊን ለያዙ ሰዎች ነው። አንድ ሰው ሲከሳ፣ ሲጠማው፣ ሽንት ሲያበዛ ማር ከመስጠታችሁ በፊት ደሙን አስለኩ። ኢንሱሊኑ የት እንደሚቀመጥ ብቻ ሳይሆን ለምን እዚያ እንደሚቀመጥ ለቤተሰብ ሁሉ ንገሩ፤ በተለይ ማንበብ ለማይችለው። መብራት ከሌለ እርጥብ አሸዋ ያለበት ሸክላ በጥላ ሥር ይሁን። ፍርፋሪ ያለበትን ብልቃጥ አትወጉ። ስሕተት የሠራባችሁን ሰው ከሐፍረት ለማዳን ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ዝምታችሁ ለእሱም አይበጀውም።

ለሲስተር ትዕግሥት፣ ለየኔታ፣ ለእትዬ በላይነሽ፣ ለዘይነብ ምስጋናዬን በአካል ነግሬያቸዋለሁ። ያልነገርኩት አንድ ሰው አለ። ግርጌውን በግራ የያዘው።

እትዬ በላይነሽ ወደ ግሸን ሲሄድ መንገድ የተዘጋበት ተሳላሚ ነው ትላለች። ዘይነብ ከገጠር ተደብቆ የገባ የሰፈራችን ሰው ነው ትላለች። እናቴ ደግሞ ጫማውን አይቻለሁ ትላለች፤ የተዋጊ ጫማ ነበር፣ ኬላው ዝም ያለውም ስለሚያውቀው ነው፣ እሱም ዝም ያለው በአነጋገሩ እንዳንለየው ነው። ሲስተር ትዕግሥት እኔ የማየው የልጁን ትንፋሽ ነበር ብላ ሌላ አልጨመረችም። እኔ ተኝቼ ነበር።

በዚያ ቀን ከእኛ ቤት እስከ ሲስተር ትዕግሥት ቤት ባለው መንገድ ላይ የነበራችሁ፣ በመስኮት ያያችሁ፣ ኬላው ላይ የቆማችሁም ብትሆኑ፣ የምታውቁትን ጨምሩበት። ቁመቱን፣ የጋቢውን ጥለት፣ ወዴት እንደሄደ። ወይም አንተው ራስህ ከሆንክ፣ ከየትኛውም ወገን ሁን፣ ና። እናቴ ያን ቀን አመሰግናለሁ ለማለት ትንፋሽ አልነበራትም።